ደመወዝ የማይደርስበት ቤት እንዴት ይገዛል?

የቤት ዋጋ በናረባቸው ከተሞች የሚኖር ሰው አንድ ጥያቄ በሆዱ ይዞ ይዞራል። የአንድ መካከለኛ ቤት ዋጋ የአንድ ቤተሰብን የስምንት፣ የአሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሆነ ዓመት ሙሉ ገቢ ሲያህል ያያል፤ ከዚያ ገቢ ላይ ኪራይ፣ ቀለብ፣ ትራንስፖርትና የልጆች ወጪ ተቀንሶ ምን እንደሚተርፍም ያውቃል። ሆኖም ቤቶቹ ይሸጣሉ። ገዢዎቹም ከሌላ ዓለም የመጡ አይደሉም፤ አብረውት የሚሠሩ፣ በዕድሜም በደመወዝም የሚቀራረቡት ሰዎች ናቸው። «እነሱ እንዴት ቻሉ?» የሚለው ጥያቄ ውሎ አድሮ «እኔ ምን አጠፋሁ?» ወደሚል ራስን መውቀስ ይለወጣል። ይህን ማብራሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ወቀሳ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቦታው የሚያርፍ መሆኑ ነው፤ ውድ በሆነ ገበያ ውስጥ በደመወዝና በቁጠባ ብቻ ቤት የሚገዛ ሰው ጥቂት ነውና።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ክፍያዎችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንዱ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚቆጠረው ቅድመ ክፍያ ነው፤ ሌላው ለሃያና ለሠላሳ ዓመታት በየወሩ የሚወጣው የብድር ክፍያ ነው። ሰዎች ስለ ቤት ሲያወሩ የሚያነሡት አዘውትረው ሁለተኛውን ነው። ማን ገብቶ ማን በር ላይ እንደሚቀር በአመዛኙ የሚወስነው ግን የመጀመሪያው ነው፤ በወር በወር ከብድር ክፍያ ያላነሰ ኪራይ ለዓመታት ሳያዛንፉ የከፈሉ፣ ቅድመ ክፍያው ግን አልሞላ ብሏቸው የቀሩ ቤተሰቦች በየውድ ከተማው ሞልተዋል።

ለማንኛውም ከብድሩ እንነሣ። ዛሬ የተለመደው ረጅም ብድር ጥንትም የነበረ አይደለም። በአሜሪካ እስከ 1930ዎቹ መጀመሪያ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቤት ብድር በአብዛኛው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ብቻ የሚቆይ ነበር። ተበዳሪው የዋጋውን ግማሽ ያህል ከራሱ ያወጣል፤ በብድሩ ዘመን ብዙ ጊዜ ወለዱን ብቻ ሲከፍል ይቆይና ዋናውን ገንዘብ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ይመልሳል፤ ካልቻለ ደግሞ አሮጌውን ዕዳ የሚተካ አዲስ ብድር ይፈልጋል። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ አዲስ ብድር የሚሰጥ ጠፋና እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸውን አጡ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ለአበዳሪዎች ዋስትና መስጠት ሲጀምር ወለዱንም ዋናውንም በእኩል ወርሃዊ ክፍያ ቀስ እያደረገ የሚያቃልለው ረጅም ብድር ተስፋፋ። ይሁንና ያ ዋስትና ጥቁር አሜሪካውያን ለሚኖሩባቸው ሠፈሮች ለአሥርተ ዓመታት ይነፈግ ነበር፤ የዚህን ውጤት ወደ ታች ስንወርድ እናገኘዋለን።

ረጅሙ ብድር እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ማየቱ ይጠቅማል። የገንዘቡን ዓይነት ትተን፣ ዋጋው 1,250,000 የሆነ ቤት እንውሰድ። ገዢዎቹ ሃያ በመቶውን፣ ማለትም 250,000ውን ከፍለው 1,000,000 በ6 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለ30 ዓመት ተበደሩ እንበል። ወርሃዊ ክፍያቸው 5,996 ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 5,000ው ወለድ ነው፤ ከዕዳው ላይ የሚቀነሰው 996 ብቻ ነው። በየወሩ ዕዳው ጥቂት ሲቀንስ ወለዱም ጥቂት ይቀንሳል፣ ለዋናው የሚደርሰው ድርሻም በዚያው ልክ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን አካሄዱ እጅግ ዝግ ያለ ስለሆነ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳያጓድሉ ከከፈሉ በኋላ እንኳ ያልተከፈለው ዕዳ 710,000 ገደማ ነው። በሠላሳ ዓመቱ መጨረሻ በጠቅላላው የሚከፍሉት ወደ 2,158,000 ይጠጋል። ያንኑ ብድር በ15 ዓመት ለመጨረስ ቢስማሙ ኖሮ ወርሃዊው ወደ 8,439 ይወጣና ጠቅላላው ወደ 1,519,000 ይወርድ ነበር። እንግዲህ ረጅም ብድር ቤቱን አያረክሰውም፤ ዋጋውን ያከብደዋል፣ ወርሃዊውን ግን ያቀለዋል። በውድ ገበያ ውስጥ ያሉ ገዢዎች አብዛኞቹ ይህን እያወቁ ነው የሚፈርሙት፤ የሚችሉት ወርሃዊውን ነውና። አቅም በተገኘ ጊዜ ጥቂት እየጨመሩ መክፈል ግን ከሚታሰበው በላይ ይረዳል፤ በዚህ ምሳሌ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ በየወሩ 500 የሚጨምር ቤተሰብ ብድሩን አምስት ዓመት ተኩል ያህል ቀድሞ ይገላገለዋል። ውሉ ቀድሞ መክፈልን በቅጣት የሚያስከፍል መሆን አለመሆኑን ግን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በየወሩ 6,000 መክፈል የሚችል ቤተሰብ ወለዱ 6 በመቶ ሲሆን 1,000,000 ያህል መበደር ይችላል፤ ወለዱ ወደ 3 በመቶ ቢወርድ ያው 6,000 ከ1,420,000 በላይ ያስበድረዋል። ወለድ ሲረክስ ለቤት ፈላጊው እፎይታ የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕድሉ ለሁሉም ፈላጊ እኩል የተከፈተ ስለሆነና የቤቱ ቁጥር በአንድ ጀምበር ስለማይጨምር፣ ሁሉም ከፍ አድርጎ መጫረት ይችላል፤ ትርፉም በአብዛኛው ለሻጩ ይሆናል። መንግሥታት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዙ ሰዎች በሚሰጡት ድጎማም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ቤት እየተሠራ ካልተጨመረ ገዢዎችን በገንዘብ መርዳት ገንዘቡን በእነሱ እጅ አሳልፎ ለባለቤቶች እንደ መስጠት ነው። ይህን የምለው ድጎማ የሚያገኝ ሰው አይውሰድ ለማለት አይደለም፤ የተሰጠውን ይውሰድ፣ ነገር ግን ገበያው በዚያ ይረክሳል ብሎ አይጠብቅ።

አሁን ወደ ከባዱ በር፣ ወደ ቅድመ ክፍያው እንመለስ። ከላይ ያየነውን 250,000 ለማጠራቀም በየወሩ 2,000 የሚቆጥብ ተከራይ ቤተሰብ እናስብ። ከአሥር ዓመት በኋላ እጁ ላይ 240,000 አለ፤ ሊደርስ ነው ማለት ነው። ነገር ግን በእነዚያ አሥር ዓመታት የቤት ዋጋ በየዓመቱ 5 በመቶ ካደገ፣ ያው ቤት 2,036,000 ገደማ ሆኗል፤ ሃያ በመቶውም 407,000 ነው። አሥር ዓመት የሮጠው ቤተሰብ አሁን 167,000 ይጎድለዋል። ሲጀምር የነበረው ሕልም ሲጨርስ ራቅ ብሎ ቆመ። ቁጠባው ወለድ ቢያፈራ ጉድለቱ ይጠባል፣ ዋጋው ቀስ ብሎ ቢያድግም እንዲሁ፤ ሆኖም ዋጋ ከገቢ ቀድሞ በሚሮጥበት ገበያ ውስጥ ትጋት ብቻውን የሚዘገየው በስንፍና ሳይሆን በዚህ ስሌት ነው።

ታዲያ በሩን ያለፉት በምን አለፉት? ብዙዎቹ በቤተሰብ። ወላጅ ገንዘብ ይሰጣል፣ ያበድራል፣ ወይም የራሱን ቤት ዋስትና ያደርጋል፤ አያት ይሞትና ውርስ ይደርሳል። ገንዘብ የሌለው ወላጅ ደግሞ ልጁን ከነትዳሩ ያለ ኪራይ ለዓመታት ያስቀምጣል፣ ይህም ራሱን የቻለ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ኪራይ የማይከፍል ሰው የኪራዩን ገንዘብ በሙሉ መቆጠብ ይችላልና። ሰዎች ይህን በይፋ አይናገሩም። «ተጣጥረን ገዛን» ይላሉ፤ መጣጣራቸውም እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅድመ ክፍያው ከየት እንደመጣ ሳይነገር ሲቀር፣ ሰሚው የራሱን ሕይወት ከተቆረጠ ታሪክ ጋር እያስተያየ ይጎዳል። ከላይ ያነሣሁት የአሜሪካ የብድር አድልዎ ትርጉም የሚያገኘውም እዚህ ነው፤ አያቶቹ በ1940ዎቹ ቤት እንዳይገዙ የተከለከሉ ሰው ዛሬ ከእኩያው ጋር አንድ ደመወዝ እየበላ ከቤተሰብ የሚወርድለት ቅድመ ክፍያ ላይኖረው ይችላል።

ሁለተኛው መግቢያ ቀድሞ የተገዛ ቤት ነው። ያ 1,250,000 የወጣበት ቤት በ10 በመቶ ቢያድግ ጭማሪው 125,000 ነው፤ ገዢዎቹ ከኪሳቸው ያወጡት 250,000 ብቻ ስለነበር ለእነሱ ይህ የ50 በመቶ ዕድገት ነው። ትንሽ ቤት ገዝቶ፣ ቆይቶ ሸጦ፣ በትርፉ ወደ ተሻለ ቤት የሚሸጋገረው ሰው የሚወጣው በዚህ መሰላል ነው። መሰላሉ ወደ ታችም ይሠራል፤ ዋጋው በ20 በመቶ ቢወድቅ የገዢዎቹ ገንዘብ በሙሉ ይጠፋል፣ ዕዳው ግን አይነካም።

ቅድመ ክፍያው ከሃያ በመቶ በታች ሆኖ መበደር የሚቻልባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። አበዳሪው ለተጨመረበት ሥጋት መድን እንዲገባ ይጠይቃል፣ አረቦኑን የሚከፍለው ግን ተበዳሪው ነው። ይህ ዋጋ ከመናሩ በፊት ለመግባት ለቸኮለ ሰው አንዳንድ ጊዜ ያዋጣል፤ በየወሩ ምን ያህል እንደሚጨምር ግን ከመፈረም በፊት መታወቅ አለበት።

ወርሃዊውን በተመለከተ፣ አበዳሪዎች በተለምዶ ክፍያው ከቤተሰቡ ገቢ አንድ ሦስተኛ ገደማ እንዳያልፍ ይፈልጋሉ። በእኛ ምሳሌ ያ ማለት የወር ገቢ 18,000 ገደማ መሆን አለበት ማለት ነው። አንድ ደመወዝ እዚያ ስለማይደርስ ሁለት ደመወዝ ይደመራል፤ ዛሬ በውድ ከተሞች ቤት የሚገዙት በአብዛኛው ሁለቱም የሚሠሩ ባልና ሚስት መሆናቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ችግሩ በሁለት ደመወዝ ልክ የተበጀ ብድር ከሁለቱ አንዱ ሲታመም፣ ሥራ ሲያጣ ወይም ሕፃን ሲወለድ የሚላላ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የብድሩን መጠን አበዳሪው በሚፈቅደው ጣሪያ ሳይሆን በአንዱ ደመወዝ ብቻ ጥቂት ወራትን መሻገር በሚቻልበት ልክ የሚወስኑ ጥንዶች፣ ቤታቸው ቢያንስም እንቅልፍ አላቸው።

ጥንድ ያልሆኑ ሰዎችም አቅማቸውን ያዋህዳሉ፤ ወንድምና እህት፣ ጓደኛሞች፣ ወላጅና ልጅ። ይህ መንገድ እየተለመደ ስለመጣና ብዙ ሰው ሳይጠነቀቅ ስለሚገባበት ጠጋ ብለን እንየው። ሁለት እህትማማቾች ከላይ ያየነውን ቤት በጋራ ገዙ እንበል። ታላቂቱ ለቅድመ ክፍያው 150,000 አወጣች፣ ታናሺቱ 100,000፤ ወርሃዊውን እኩል ይከፍላሉ። ፍቅራቸው የጸና ስለሆነ ምንም አልጻፉም። ከአምስት ዓመት በኋላ ታላቂቱ በሌላ አገር ሥራ አገኘችና ድርሻዋን ጠየቀች። ድርሻዋ ስንት ነው? ስልሳ በመቶ ነው ትላለች፣ ቅድመ ክፍያውን አስልታ፤ ግማሽ ነው ትላለች ታናሺቱ፣ ወርሃዊውን አስልታ፤ የፈነዳውን የውኃ ቧንቧና ጣሪያውን ያሠራሁት እኔ ነኝ ብላም ትጨምራለች። ሁለቱም አልዋሹም። በዚህ መካከል አበዳሪው የእነሱ ክርክር አይመለከተውም፤ በጋራ ፈርመዋልና አንዷ ብታቆም ሙሉውን ክፍያ ከሌላዋ ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ በሕግ ባለሙያ ፊት የተፈረመ አጭር ውል ይከላከለዋል። ውሉ ውስጥ የእያንዳንዳቸው ድርሻ በመቶኛ፣ ጥገና በማን እንደሚሸፈን፣ አንዷ መውጣት ስትፈልግ ዋጋውን የሚገምተው ገለልተኛ ገማች ማን እንደሚሆን፣ የቀረችው ቀድማ የመግዛት መብቷ ለስንት ወር እንደሚቆይ፣ አንዷ ብትሞት ድርሻዋ ለማን እንደሚያልፍ ይጻፋል። የወላጅ ገንዘብም ቢሆን ስጦታ ይሁን ብድር ወይስ ድርሻ በወረቀት መስፈር አለበት፤ አበዳሪዎችም ብዙ ጊዜ ስጦታ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። በዘመድ መካከል ውል መጻፍ አለመተማመን የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ቤተሰብ ተሰብስቦ በሰላም ሊነጋገርበት የሚችለው ጊዜ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ያለው ብቻ ነው እላለሁ።

ሌላው ስልት ቤቱን ራሱን ገቢ ማድረግ ነው። ትርፍ ክፍል ወይም የተለየ መግቢያ ያለው ምድር ቤት ማከራየት፣ ወይም ሁለትና ሦስት መኖሪያ ያለውን ሕንጻ ገዝቶ በአንዱ እየኖሩ የቀሩትን ማከራየት በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። የመጀመሪያዎቹን ከባድ ዓመታት ለመሻገር ይጠቅማል፤ ነገር ግን ተከራይ የሌለበት ወር፣ ጥገናና ግብር ከስሌቱ መቀነስ አለባቸው።

ርቆ መግዛት ደግሞ ከሁሉ የተለመደው ነው። ዋጋው የሚቀመስበት ቦታ እስኪደርስ ከመሃል ከተማ እየራቁ መሄድ ማለት ነው። ወርሃዊ ክፍያው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለመሄጃ አንድ ሰዓት፣ ለመመለሻ አንድ ሰዓት የጨመረ ሰው በ22 የሥራ ቀናት 44 ሰዓት በመንገድ ያሳልፋል፣ ይህም ከአንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ይበልጣል። የነዳጁን ወይም የቲኬቱን ወጪ፣ ልጅ የሚጠብቀውን ሰው ደመወዝ ጨምሮ ያላሰላ ሰው የረከሰ ቤት ገዛሁ ማለት አይችልም።

አነስ ያለ ወይም ያላለቀ ቤት ገብቶ ቀስ እያሉ ማሳደግም አለ። በቺሊ ኢኪኬ ከተማ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአርክቴክት አሌሃንድሮ አራቬና ቡድን የተሠራው ኪንታ ሞንሮይ የተባለ መንደር ይህንኑ ሐሳብ በዕቅድ አድርጎታል። ድጎማው ለሙሉ ቤት ስለማይበቃ፣ ቤተሰብ ለብቻው ሊሠራው የሚከብደውን ክፍል፣ ማለትም መዋቅሩን፣ ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያውንና ደረጃውን አጠናቀው፣ ከጎኑ ነዋሪው በአቅሙ የሚሞላው ባዶ ቦታ ተዉ። ቦታው መሃል ከተማ ስለነበር ሰዎቹ ከሥራቸውና ከትምህርት ቤታቸው አልተፈናቀሉም።

እስካሁን ያየነው ግለሰብና ቤተሰብ የሚያደርገውን ነው። ተባብሮ መግዛት ግን አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ በ1775 የተመሠረተው የቤት ማኅበር አባላቱ በየወሩ መዋጮ የሚከፍሉበት፣ በተጠራቀመው ገንዘብ በየተራ ቤት የሚሠራላቸውና የመጨረሻው አባል ቤት ሲያገኝ የሚፈርስ ነበር። ከዚያ ዓይነቱ ማኅበር ነው በኋላ ቋሚ የቤት አበዳሪ ተቋማት የወጡት።

በዘመናችን በሰፊው የተሠራበት ምሳሌ ሲንጋፖር ናት። የቤቶች ልማት ቦርዷ በ1960 ተቋቋመ፤ መንግሥት መሬቱን በብዛት በእጁ አደረገ፤ ከ1968 ጀምሮ ደግሞ ሠራተኞች ለጡረታ በግዴታ ከሚቆጥቡት ገንዘብ ለቤት እንዲያወጡ ተፈቀደላቸው። የቅድመ ክፍያው በር የተከፈተው በዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ደመወዝተኛ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ሳያውቀው ለቤት ይቆጥባል። ዛሬ ከነዋሪዎቿ አራት አምስተኛ የሚጠጉት በቦርዱ ሕንጻዎች ይኖራሉ። ገዢው የሚያገኘው ግን የ99 ዓመት ይዞታ ነው፤ የይዞታው ዘመን እያለቀ ሲሄድ የቤቱ ዋጋ እንዴት እንደሚሆን በዚያው አገር ብዙ የሚያወያይ ጉዳይ ነው።

በአሜሪካ በ1969 በጆርጂያ ግዛት በሲቪል መብት ታጋዮች የተጀመረው የመሬት አደራ ማኅበር ሌላ ፈትል ይመዝዛል። መሬቱ የማኅበሩ ሆኖ ይቀራል፤ ቤተሰቡ በላዩ ያለውን ቤት ብቻ ይገዛል፣ መሬቱን በረጅም ሊዝ ይይዛል። በውድ ከተማ ዋጋውን የሚያንረው በአመዛኙ መሬቱ ስለሆነ ቤቱ በእጅጉ ይረክሳል። በልዋጩ ቤተሰቡ ሲሸጥ በውሉ በተቀመጠ ስሌት ተመሳሳይ አቅም ላለው ቀጣይ ገዢ ይሸጣል፤ ከዋጋ ዕድገቱ የተወሰነውን ብቻ ያገኛል። በብሪታንያ ደግሞ የቤቱን ከፊል ድርሻ ገዝቶ ለቀረው ኪራይ እየከፈሉ፣ አቅም ሲገኝ ድርሻን የማሳደግ አሠራር አለ፤ ኪራዩና የአገልግሎት ክፍያው በየዓመቱ ሊጨምሩ ስለሚችሉ ሁለቱን ደምሮ ማየት የግድ ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢገባ፣ ከመፈረም በፊት መሠራት ያለበት አንድ ስሌት አለ። በአሜሪካ ወለዱ ለሠላሳ ዓመት የማይለወጥ ብድር የተለመደ ነው፤ በብሪታንያና በካናዳ ግን ወለዱ በአብዛኛው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ብቻ ተቆርጦ ከዚያ እንደ ገበያው ይታደሳል። በ2022 እና በ2023 ማዕከላዊ ባንኮች ወለድ በፍጥነት ሲያሳድጉ ብዙ ቤተሰቦች ውላቸውን ሲያድሱ ክፍያቸው በድንገት ዘለለ። በእኛ ምሳሌ ወለዱ ገና በመጀመሪያ ከ6 ወደ 9 በመቶ ቢወጣ 5,996 የነበረው ክፍያ 8,046 ይሆናል። ይህን ቁጥር መክፈል የማይችል ቤተሰብ ብድሩ በዝቶበታል ማለት ነው።

መከራየትንም በዚሁ ብዕር ማስላት ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት ገዢዎቹ ለወለድ 59,700 ያህል ይከፍላሉ፤ ለጥገና የቤቱን ዋጋ አንድ በመቶ፣ 12,500 ብንመድብ፣ ተመልሶ የማይገኘው ወጪያቸው በወር ከ6,000 በላይ ነው፤ ግብሩና ቅድመ ክፍያው ሌላ ቦታ ያፈራው የነበረው ትርፍ ሳይቆጠር። ያው ቤት በ4,500 የሚከራይ ከሆነ፣ የቤት ዋጋ በፍጥነት ካላደገ በቀር፣ ተከራይቶ ልዩነቱን በሥርዓት የሚቆጥበው ሰው ወደ ኋላ አልቀረም። ሰዎች ይህን ስሌት እያወቁም ለመግዛት የሚጣደፉት ኪራይ ስለሚያስፈራ ነው፤ አከራይ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሊያስወጣ፣ ኪራዩን እንዳሻው ሊጨምር በሚችልበት ቦታ ልጅ ማሳደግ ይከብዳል። ቪየና ከ1920ዎቹ ጀምሮ በልዩ የቤት ግብር ብዙ የከተማ ቤቶች ሠርታለች፤ ዛሬም ከነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉ በከተማው ወይም ትርፋቸው በሕግ በተገደበ ማኅበራት ቤቶች ይኖራሉ። በከተማው ቤት የሚኖር ተከራይ ውሉ በአብዛኛው የማብቂያ ቀን የለውም፤ ልጆቹን አሳድጎ እዚያው ማርጀት ይችላል። እዚያ ያለ ቤተሰብ ቅድመ ክፍያ የለኝም ብሎ ሌሊት አይባንንም።